ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ

ለልጄ፤

ጤና መጠየቅ የደብዳቤ ደንብ ነው። ሰው ሁሉ ይጽፈዋል፣ አንባቢውም ዘሎት ያልፋል። አንቺ ግን እንዳትዘዪው። እንደምን አለሽ? እህል ይወርድልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የለመድኩት ጠላት ነው፤ ሲነሳብኝም ሲተወኝም አስቀድሞ ይነግረኛል። ቤቱ ደህና ነው። የክፍልሽን መስኮት ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እዘጋዋለሁ። አክስትሽ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በየእሑዱ በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትዪ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትቀድሚኛለሽ፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልስሽ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። ከቁጣዬ ልጀምር፤ እሱ ካልወጣልኝ ሌላውን መጻፍ አልችልም።

አባትሽ ምን ሠርቶ እንዳሳደገሽ ረሳሽው? ሠላሳ ስምንት ዓመት በረራ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው። ከዚህ አውሮፕላን ማረፊያ እስከዚያኛው ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ነዳጅ ይበላል። አብራሪው እኔ ባሰላሁት ወረቀት ላይ ፈርሞ ነው የሚነሳው። ተሳስቼ አላውቅም አልልም፤ ግን ስህተቴን ከኔ ቀድሞ ያገኘ ሰው የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚነግሩህን ቁጥር ሁሉ፣ አለቃህም ቢሆን የነገረህ፣ እንደገና ታሰላዋለህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለኛ ተረት አልነበረም፣ የሥራ መመሪያ ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ሱቅ ደርሼ መጣሁ ብዬው እንኳ ሰዓቱን ያያል እያለች ለሰው ታወራብኝ ነበር። አልዋሸችም፤ በእርግጥም ሰዓቱን አየው ነበር።

እንግዲህ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብን ብለሽ የደወልሽው ለዚህ ሰው ነው።

ጥርጣሬዬ ግን የጀመረው ከዚያ በፊት፣ ገና ከቤት ስትወጪ ነው። ሁለት ዓመት የሚቆይ ሥራ አገኘሁ፣ በሳምንት ውስጥ ካልደረስኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አልሽኝ። እሺ፣ የዛሬ ሥራ እንዲህ ነው ብዬ ዋጥኩት። ቀጥለሽ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አትሸኘኝ፣ ጉልበትህን ያምሃል፣ እዚሁ በራችን ላይ እንሰነባበት አልሽ። ልጄ፣ እኔ እኮ በዚያ ግቢ ከዘበኞቹ በላይ ዘበኛ ነበርኩ። ስንቱን የሰው ልጅ ስሸኝ ኖሬ የገዛ ልጄን ከደጃፌ ልመለስ? እሺ አልኩ እንጂ ነገሩ ከነከነኝ። ሻንጣሽን አንስቼ ታክሲው ላይ ስጭን ደግሞ እጄ ነገረኝ። አሥራ አንድ ኪሎ ቢሞላ ነው። የጭነት ክብደት ሲያሰላ ያረጀ ሰው ይህ አይሸወድበትም፤ ለሁለት ዓመት የምትሄድ ሴት አሥራ አንድ ኪሎ ይዛ ከቤት አትወጣም። አክስትሽ ታክሲው ውስጥ ተቀምጣ ጭራሽ ወደኔ አታይም ነበር። ወሬ የማታቆመው ሴትዮ ያን ዕለት አፏ ተሰፍቶ ዋለ።

አውሮፕላኑ የሚነሳው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር የተባለው። የዚያኑ ዕለት፣ ከቀኑ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ አባዬ በሰላም ደርሻለሁ፣ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብን ብለሽ ደወልሽ። በኢንተርኔት ስለምትደውዪ ቁጥርሽ አይወጣም። ተመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፣ ቁጭ አልኩ፣ መልሼ ተነሳሁ። ሁለት ከአርባ ላይ ሰባት ከአሥራ ሁለት ሲደመር ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት ነው። በቀረችው ስምንት ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሕዝቡ ወረደ፣ ፓስፖርትሽ ታየ፣ ሻንጣሽ መጣ፣ ኢንተርኔት አገኘሽ፣ ደወልሽልኝ። በስምንት ደቂቃ ሰው የወንበሩን ቀበቶ ፈትቶ ጫማውን አያገኝም።

ደግሞ ያቺ ደቂቃ። ተሳፋሪ እኮ ደቂቃ አይቆጥርም። ሰባት ሰዓት ምናምን ይላል፣ ወይም ወገቤ ተቆረጠ ይላል። አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚለው ከሆነ ቦታ ያነበበ ሰው ነው። ከየት?

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወንድ ነው። ከአንዱ ጋር ተደብቃ ገብታለች ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። የምጠረጥረውም ሩቅ አልነበረም። ማዞሪያው ላይ ያለው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ያ ነጭ ካፖርቱ የማይወልቅለት፣ ምሽት ምሽት እስከ ማዕዘኑ ይሸኝሽ የነበረው። አላየም ብለሽ ነበር? አይቼ ዝም ያልኩት ልጁን ስለወደድኩት ነው።

የጉልበት ቅባት ልገዛ መስዬ ገባሁ። እዚያው ነበር፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ገርጥቷል፤ ሙሽራ አይመስልም። ዙሪያውን ዞሬ ሳበቃ፣ ልጄ የሄደችበት ከተማ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይሆናል አልኩት፣ አላዋቂ መስዬ። ቆይ ጋሼ ብሎ ኮምፒውተሩን ነካካ። የሁለት አውሮፕላን ማረፊያ ስም ሲጽፉለት ርቀቱንና የመንገዱን ሰዓት የሚናገር ገጽ አለ ለካ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ማሽኑ ልጁ አንዴ ስሎ ሳይጨርስ ሠራው። አምስት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር። ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

ያው ያንቺ ቁጥር። ብዕር ተውሼ በቅባቱ መጠቅለያ ላይ ፈታሁት። ማሽኑ የሚያደርገው ቀላል ነው፤ ከተማ ለከተማ ቀጥ ያለ መስመር ይዘረጋል፣ በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ብሎ ያካፍላል፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ይመጣለታል፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጣል ያደርግበታል። በቃ። ንፋስ አያውቅም። በዚህ ወር እኮ በዚያ መንገድ ንፋሱ የሚመጣው ፊት ለፊት ነው። ደግሞም መሐል ላይ የተከለከለ ሰማይ ስላለ አውሮፕላኑ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ ቢያንስ ምን አለ በይኝ። ልትዋሺኝ እንኳ ብትፈልጊ ብትጠይቂኝ ኖሮ ትክክለኛውን አስልቼ በሰጠሁሽ።

የገባኝ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው። ስንት ደቂቃ ፈጀ ብዬ እንደምጠይቅሽ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አዘጋጅተሽ ደወልሽ። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆኚ ደረስኩ ብለሽ ታልፊ ነበር፣ እኔም አምኜ ቁጭ እል ነበር። የበረራ ዕቅድ ሠራተኛ ልጅ በመሆንሽ ተያዝሽ።

ከመውጣቴ በፊት ልጁን፣ ለመሆኑ ላንተ ደውላልህ ታውቃለች ወይ አልኩት። ጋሼ፣ የደንበኛ ነገር አይወራም ብሎ ቅባቱን እንደገና ይጠቀልል ጀመር፣ አንዴ የተጠቀለለውን። እኔ የጠየቅኩት እንደ ልጅ አባት ነው፤ እሱ ስለ ደንበኛ መለሰልኝ። ያን ዕለት ጨዋታ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

ነገሩን ለማጥራት ቆጥ ዘንድ ደወልኩ። ታስታውሺዋለሽ፣ ማማው ላይ ይሠራ የነበረው ጓደኛዬ፣ ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ስለሚውል ቆጥ ያልነው። የድሮ ልጆቹን ጠይቆ በማግስቱ መለሰልኝ። ያን ጠዋት የአውሮፕላኑ ጎማ ሲቀየር ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ፣ የተነሳው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ከአምስት ጨምሪበት። ደረስኩ ባልሽኝ ሰዓት አውሮፕላኑ ገና አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ሰማይ ላይ ይቀረው ነበር። በምን ቀደምሽው? ቆጥ ሳቀብኝ። ጡረታ ወጥተህም አውሮፕላን ትጠብቃለህ፣ ልጅህን አምነህ ተቀመጥ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ አለኝ። በገዛ ስሙ መቀለዱ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አንቺ አውሮፕላኑ ላይ እንዳልነበርሽ አውቄያለሁና።

ያኔ በጣም ተናደድኩብሽ። ስትደውዪ በደህና ድምፅ አወራሻለሁ፣ ስዘጋ ግድግዳ እገፋለሁ። ቁም ሳጥንሽን ከፈትኩ፤ ወፍራሙ ሹራብሽ ተንጠልጥሏል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል የምትዪው አገር ስትሄጂ ሹራብሽን ትተሽ። ወጥመድ አደረግሁት። ረቡዕ ዕለት ጠቅልዬ ለአክስትሽ ሰጠሁና በፖስታ ላኪላት አልኳት። እሑድ ስትደውዪ አመሰገንሽኝ። በአራት ቀን። አውሮፕላን የሚያውቅ ሰው ፖስታ አያውቅም ብላችሁ ነው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ያዝኳችሁ ብዬ። አንቺ ግን ቀጥለሽ፣ ሹራቡ ሰፍቶኛል፣ ሲታጠብ ለቆ መሰለኝ አልሽ። እኔ አላጠብኩትም፣ ልጄ። አንቺም ከመሄድሽ በፊት ለብሰሽው አይቻለሁ፣ ልክሽ ነበር። ያን ቀን ከጥርጣሬዬ ሥር ሌላ ነገር መጣ፤ ስሙን ልጠራው አልፈለግኩም።

ከዚያ እሑድ በኋላ ጆሮዬን ጥዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ከድምፅሽ ኋላ ጎማ ያለው ነገር ሲገፋ ይሰማል። የሆነች ሴት ቁጥር ትጠራለች። ደግሞ አንድ ጊዜ የጭነት አውሮፕላን ሲነሳ ሰማሁ። አውሮፕላን በየአገሩ አለ ብዬ ልተወው ስል ጣሪያዬ ተንቀጠቀጠ። ቤታችን የማኮብኮቢያው ጫፍ በሚያመለክትበት መስመር ላይ ስለሆነ ለዚህ አዲስ አይደለሁም። እናትሽ ሥራህ እስከ ቤትህ ይከተልሃል ትለኝ ነበር። ነገር ግን ያ የዘጠኝ ሰዓት ከሩቡ የእሑድ አውሮፕላን ነው፣ ድምፁ ጎርናና፤ በስልክሽ ውስጥ አልፎ ነው ወደኔ የመጣው።

በሚቀጥለው እሑድ ሰዓቴን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። ስለ መሥሪያ ቤትሽ አለቃ ምን እንዳወራሽኝ አንድ ቃል አልሰማሁም። ከስልክሽ እስከ ጣሪያዬ ሃያ አንድ ሰከንድ ተኩል። በሦስተኛውም እሑድ ያው። ስልኩ የሚዘገየውን ግማሽ ሰከንድ ስጨምርበት ሃያ ሁለት ይሆናል። ያ አውሮፕላን ከመሬት እንደተነሳ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። በሃያ ሁለት ሰከንድ ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ይጓዛል። አንቺ ያለሽው አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አይደለም።

የከተማውን ካርታ አወጣሁ። ማስመሪያዬን ከጣሪያችን ጀምሬ ወደ ማኮብኮቢያው መልሼ ዘረጋሁ። በዚያ ርቀት ላይ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የእንጨት መጋዘኑ፣ እሑድ የሚዘጋው ትምህርት ቤት፣ እና ሰማያዊ በር ያለው ግቢ። እናትሽን ላሳክም አሥራ አንድ ወር የተመላለስኩበት ግቢ። ማስመሪያውን አስቀመጥኩ።

በማግስቱ አክስትሽ መጣች። ስትጨብጠኝ እጇ ሸተተኝ። የዚያ ቤት ሳሙና ነው፤ አሥራ አንድ ወር የታጠብኩበትን ሽታ አልረሳም። እሑድ ከሰዓት ለምን አንድ ቀን እንኳ እንዳልመጣች ገባኝ። ያ ካፖርት ለባሽ ልጅ ስለ ደንበኛ ለምን እንዳወራም ገባኝ። አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ታለቅሳለች፤ እሷ ካለቀሰች እኔ አልችልም። ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ ጠየቀችኝ፣ ደህና ነው አልኳት፣ ተያይተን ተለያየን።

አሁን ቁጣዬ አልቋል። የቀረው የኔ ጥፋት ነው።

እናትሽ በመጨረሻው ሳምንት ላይ እያለች፣ ኮሪደሩ ላይ ለአክስትሽ የተናገርኩትን ታስታውሻለሽ። በዚህ በር ሁለተኛ ከምገባ ሞቴን እመርጣለሁ፣ የምወደው ሰው ደግሞ እንዲህ ሲሆን ከማይ ዓይኔን ያጥፋው አልኳት። ዞር ስል ፔርሙዝ ይዘሽ ቆመሻል። እንደሰማሽኝ ፊትሽ ላይ አየሁ። እንዳላየሁ ሆኜ ፔርሙዙን ተቀበልኩሽና ክዳኑ ይፈሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። አይፈስም አልሽኝ። በዚያው ቀረ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንዳችንም አላነሳነውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። አንቺ ቃሌን ስሰጥ የማላጥፍ ሰው መሆኔን ስለምታውቂ፣ የራስሽ ተራ ሲደርስ በዚያ በር እንዳልገባ ብለሽ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄድሽልኝ። አክስትሽም ሻንጣ ያዘችልሽ። ለኔ ብላችሁ ነው። ስንት ሳምንት ስጠረጥራችሁ፣ እናንተ ለኔ ስትሉ ብቻችሁን ነበራችሁ።

ያ የተናገረው የደከመ ሰው ነው፣ ልጄ። አራት ቀን ያልተኛ ሰው ነው። ያን ቃሌን አንስቻለሁ፤ እነሆ በጽሑፍ፣ ፈርሜበት።

ማክሰኞ ዕለት መጥቼ ነበር። መንገዱ በእግር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ አሳርፌ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ዘበኛው አዲስ ነው፣ የጠያቂ ሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነው አለኝ። በአጥሩ በኩል አየሁሽ። አትክልቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል፣ ራስሽን በነጭ ሻሽ አስረሻል፣ አክስትሽ ብርቱካን እየላጠች ታጎርስሻለች። በአንድ ነገር ትስቂ ነበር። ድንገት ብገባ በዚያ ፊትሽ ሌላ ምክንያት ልትፈጥሪልኝ ነው፣ እኔም አምኜሽ ልመስል ነው ብዬ ተመለስኩ። ደግሞም ፈራሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከእንግዲህ የተስተካከለ ቁጥር አትስጪኝ። ምን እንዳሉሽ፣ ስንት ጊዜ እንደቀረሽ፣ ምን ያህሉ እንዳለፈ፣ እንዳለ ንገሪኝ፤ የፊት ንፋሱንም ጨምረሽ። መጥፎ ቁጥር ይዤ መሥራት እችላለሁ፣ ዕድሜዬን የሠራሁት እሱን ነው። ያልነገሩኝን ቁጥር ግን በምን ላስላው?

ዛሬ እሑድ ነው። ይህን ደብዳቤ ለዘበኛው ነው የምሰጠው፣ ወዳንቺ ይዞት ሲገባ እያየሁ። እንደ ልማድሽ ወደ ቤት ብትደውዪ የሚያነሳ የለም። ከበሩ ውጪ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ላታዪኝ ከፈለግሽ አልቀየምሽም፤ ዘበኛው ዛሬ አይሆንም ይበለኝና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስትደውዪም ብርዱ እንዴት ነው ብዬ እጠይቅሻለሁ። ካልሆነ ግን አንድ ሽማግሌ ደጅ ላይ አለ፣ በዚህ በር አልገባም ብሎ የማለ፣ አስገቡት በያቸው።

ፈጣሪ ቀኑን ያቅልልሽ፣ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ። የበላሽው ይርጋልሽ። እናትሽን የወሰደ አንቺን ይተውልኝ።

አባትሽ